ለብ ለብ

አማርኛችን ለግማሽ ሥራ ያወጣለት ስም ከማድቤት የተወሰደ ነው፤ «ለብ ለብ» ይባላል። ክትፎ ቤት ገብታችሁ «ለብለብ ይሁንልኝ» ብትሉ ማንም አይቀየማችሁም። ላዩን እሳት ነካ ያደረገው፣ ውስጡ ግን ጥሬ የሆነ ክትፎ የሚቀርብላችሁ ወዳችሁና ፈቅዳችሁ ነው። ነገር የሚበላሸው ቃሉ ከማድቤት ወጥቶ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት ሲገባ ነው። ያኔ ላዩ የበሰለ፣ ውስጡ ጥሬ የሆነ ነገር ሳናዝዝ ይመጣልናል። እኛም ላዩን አይተን፣ ከፍለን፣ አመስግነን እንወጣለን።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በነበርኩባቸው ዓመታት ከዚህ ቃል ጋር ጥሩ ትውውቅ ነበረኝ። ከልብ ወለዱ የመጀመሪያውን ምዕራፍና የጀርባውን ሽፋን ብቻ አንብቦ የሚመጣ ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም። እንዲህ ያለው ተማሪ የመጀመሪያውን ጥያቄ ከሁሉም አሳምሮ ይመልሳል። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ግን ጣራ ጣራውን ማየት ይጀምራል። ቢሆንም በዚህ የሞተ ሰው የለም።

ዛሬ የማወራችሁ ሰው ስለሚሞትበት ለብ ለብ ነው። መነሻዬ ጥርስ ነው፤ መድረሻዬ የሆስፒታል አልጋ። አካሄዱ እንግዳ ቢመስላችሁ ትንሽ ታገሱኝ። «አንተና የጥርስ ሙሊት ምን አገናኛችሁ?» የሚለኝ ወዳጅ እንደማይጠፋም አውቃለሁ። መልሴ አጭር ነው፤ ጥርስ አለኝ።

በብርሃን የሚጠነክረው የጥርስ ሙሊት ታሪኩ ሩቅ አይደለም። መሠረቱ ራፋኤል ቦወን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1962 የፈጠራ ባለቤትነት መብት ያገኘበት ሙጫ መሰል ውህድ ነው። ከሙጫው ጋር እንደ ዱቄት የላመ የመስታወት ብናኝ ይደባለቃል። ጥርስ ውስጥ ሲገባ እንደ ሊጥ ለስላሳ ስለሆነ ሐኪሙ እንደፈለገ ይቀርጸዋል። ከዚያ ሰማያዊ ብርሃን ይበራበታል። በውስጡ ያለችው ካምፎርኪኖን የምትባል ቢጫ ንጥረ ነገር ብርሃኑን ትጠጣና ሙጫውን እርስ በርሱ እንዲተሳሰር ታደርገዋለች። በ20 ሰኮንድ ገደማ ሊጡ ድንጋይ ይሆናል።

ይህን ሳነብ የተወለድኩባት ከተማ ስም ትዝ አለኝ። ከጎንደር ወደ ሳንጃና ወደ ሑመራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የላይ አርማጭሆ ከተማ ትክል ድንጋይ ትባላለች። ጥርስም እኮ ትክል ድንጋይ ነው። ተፈጥሮ የተከለችው ድንጋይ ሲቦረቦር የሰው ልጅ ከሊጥ ሌላ ድንጋይ ሠርቶ በቦታው መትከል መቻሉ ቀላል ነገር አይደለም።

ችግሩ ብርሃን ሙሊቱ ውስጥ ሩቅ አይሄድም። ለዚህ ነው የተለመደው ዓይነት ሙሊት ሁለት ሁለት ሚሊሜትር እየተደረበ፣ እያንዳንዱ ድርብ ለብቻው እየበራበት መሠራት ያለበት። አሁን እስከ አራት ሚሊሜትር በአንዴ የሚያስኬዱ ዓይነቶች መጥተዋል፤ እነሱም ቢሆኑ ልክ አላቸው። የመብራቱ ጫፍ ከጥርሱ ትንሽ ከራቀ፣ ካዘመመ ወይም የድሮ ሙሊት ተጣብቆበት ከቆሸሸ ጉልበቱ ይወርዳል። ያረጀ መብራትም እንደ አዲሱ ሰማያዊ ሆኖ ይበራል። ጉልበቱን በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም፤ መለኪያ ያስፈልገዋል። መብራቱ ሲደክም ወይም ሐኪሙ ሲቸኩል ላዩ ድንጋይ ይሆናል፣ ታቹ ሊጥ ይቀራል። ላዩን በመሣሪያ ቢያንኳኩት ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ታካሚውም ነክሶበት ይወጣል። ከታች ግን ጀርም ሾልኮ መግባት ይጀምራል።

ተመራማሪዎች ይህን የሚፈትሹበት አንድ ዓለም አቀፍ መመዘኛ አለ፤ እኔ በጣም ወድጄዋለሁ። ሙሊቱን የብረት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይሞሉትና ከላይ በኩል ብቻ ያበሩበታል። ከዚያ አውጥተው ያልጠነከረውን የታችኛውን ክፍል በፕላስቲክ መፋቂያ ፍቀው ይጥሉታል። የቀረውን ይለኩታል። ለክተውም አይጨርሱም፤ የተገኘውን ለሁለት ያካፍሉታል። ስድስት ሚሊሜትር ሳይፋቅ ቢቀር መመዘኛው የሚያምነው ሦስቱን ብቻ ነው። ለመፋቂያ አልበገር ያለ ሁሉ በቂ ጠንካራ አይደለምና ነው። አገራችን ውስጥ ስንት ሪፖርት በዚህ ቢለካ ብዬ አስቤ ነበር፤ ግን ወደዚያ ከገባሁ ጥርሱ ይረሳል።

ለብ ለብ የተባለው ሙሊት እኔንም ደርሶኛል። ስሙን የማልጠቅሰው ክሊኒክ ውስጥ ሐኪሙ በአንድ እጁ መብራቱን አፌ ውስጥ ይዞ በሌላው ስልክ ያናግር ነበር። የሚያወራው ስለ መኪና ጎማ ዋጋ ነው። እኔ አፌ ተከፍቶ ስለነበር አስተያየት መስጠት አልቻልኩም። ሙሊቱ ስድስት ወር ሳይሞላው ቆሎ ላይ ወጣ። ቀጥሎ ያየኝ ሐኪም ቁራጩን አገላብጦ ተመለከተና «ላዩ ደኅና ነበር» አለኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይሄ ነው።

የእኔ ኪሳራ ግን ገንዘብና ጥቂት ሌሊት እንቅልፍ ብቻ ነው። መብራቱ ጭራሽ የሌለበት ቦታስ?

ከትክል ድንጋይ ወዲያ ቆላው ውስጥ የሚኖር ገበሬ ጥርሱን ሲያመው መጀመሪያ ቅርንፉድ ይይዝበታል። ካልተወው ነጭ ሽንኩርት ይሞክራል፤ ካልሆነም በአረቄ ይጉመጠመጣል። ሌሊቱን ሲቃትት አድሮ፣ ጉንጩን በነጠላ አስሮ መንገድ ይጀምራል። መድረሻው አብዛኛውን ጊዜ የጥርስ ሐኪም አይደለም። ጎንደር ለመውጣት ትራንስፖርት፣ ማደሪያና የሥራ ቀን ይጠይቃል፤ የጸጥታው ነገር ሲከፋ ደግሞ መንገዱም ይዘጋል። ስለዚህ የሚገባው መድኃኒት መደብር ነው። እዚያ ያለውን ንግግር የአካባቢው ሰው ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል።

«ምን ልስጥዎት አባቴ?»

«ያቺን ቀይና ቢጫዋን ልጄ፣ የጥርሷን።»

«ስንት ፍሬ?»

«ስምንት አድርጊልኝ። አራቱ ለእኔ ይበቃኛል፤ የቀረው ለልጅቱ ጉሮሮ ይሆናል።»

በሕጋችን ይህ ዓይነት መድኃኒት ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጥም። ሕጉን ሻጯም ታውቀዋለች። ሰውየው ከየት ተነሥቶ እንደመጣም ታውቃለች፤ እሷ ብትከለክለው ከማዶ ያለው እንደሚሸጥለትም ታውቃለች። ገበሬውንም ቢሆን አላዋቂ ብሎ መስደብ ይቀላል። እኔ ግን ያን ሌሊት እንደ እሱ ባድር ከእሱ የተሻለ አስባለሁ ብዬ አልምልም።

ነገር ግን እንክብሏ ለጥርሱ የምታደርግለት ነገር እምብዛም የለም። መድኃኒት የሚጓዘው በደም ነው። ጥርሱ ውስጥ ያለው ሥርና ደም ሥር በጀርም ከሞተ በኋላ እዚያ ደም አይገባም፤ መድኃኒቱም አይገባም። ጥርሱ የሚፈልገው የእጅ ሥራ ነው፤ መከፈት፣ መጽዳት፣ መሞላት፣ ካልሆነም መነቀል። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ለአብዛኛው የጥርስ ሕመም ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት እንዳይሰጥ፣ ማስታገሻ እየተወሰደ ጥርሱ ራሱ እንዲታከም መክሯል። ፊት ካበጠና ትኩሳት ካለ ነገሩ ሌላ ነው፤ ጀርሙ እየተሰራጨ ሊሆን ስለሚችል በቶሎ ሐኪም ዘንድ መድረስ ያስፈልጋል።

«ታዲያ እኔን እንዴት ተወኝ?» የሚል አይጠፋም። ትቶት ይሆናል። የጥርስ ሥር ሲሞት ሕመሙ ለጊዜው ጸጥ ይላል። ሕመሙ የቆመው ጥርሱ ስለሞተ ነው፤ ምስጋናውን ግን እንክብሏ ትወስዳለች። በሚቀጥለው ጊዜ ጎረቤት ሲያመው ምስክርነቱ ዝግጁ ነው።

እንክብሏ ከጥርሱ ባትደርስም ሌላ ቦታ ትደርሳለች። አንጀታችን ውስጥ ቁጥር ስፍር የሌላቸው፣ አብዛኞቹ ክፉ ያልሆኑ ባክቴሪያዎች አሉ። መድኃኒቱ በእነሱ መካከል ሲያልፍ ደካሞቹን ይፈጃል፤ በአጋጣሚ የሚቋቋሙት ይቀራሉ። ቦታውና ምግቡ የእነሱ ይሆናል። ኢ ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ ሲመቸው በ20 ደቂቃ ለሁለት ይከፈላል። በዚህ ፍጥነት ከማታው ሁለት ሰዓት የተነሣ አንድ ባክቴሪያ ሳይስተጓጎል ቢራባ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ከአንድ ቢሊዮን ያልፋል። እነዚህ ፍጥረታት ደግሞ ስስታም አይደሉም። መድኃኒቱን የሚያከሽፉበትን ምስጢር ለዘራቸው ብቻ ሳይሆን ዘመዳቸው ላልሆነ ጎረቤትም ያቀብላሉ።

እዚህ ላይ የቋንቋ ሰውነቴ አልተወኝምና ስለ አንድ ቃል ላጉረምርም። ነገሩን በአማርኛ «መላመድ» ብለነዋል፤ ጀርሞች መድኃኒት ተላመዱ እንላለን። ቃሉ ክፉ አይደለም፤ የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ነውና ለጀርም የሚስማማ ጎን አለው። ግን ብዙ ሰው ተላማጁ ጀርሙ መሆኑን ትቶ ሰውነቱ ይመስለዋል። «አሞክሳሲሊን እኔ ላይ አይሠራም፤ ሰውነቴ ለምዶታል» ሲባል ያልሰማ ማን አለ? እንዲህ ሲባል ነገሩ የአንድ ሰው የግል ጉዳይ ይመስላል። ሰውነት ግን አልተላመደም። የተላመደው ጀርሙ ነው፤ ጀርም ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከውሃ ወደ ውሃ፣ ከአልጋ ወደ አልጋ ይሄዳል። በዕድሜው አንድም እንክብል ያልዋጠ ሰው በሌላ ሰው ደጅ ያደገ ጀርም ሊይዘው ይችላል።

ይህን ከሁሉ ቀድሞ በአጭር ልብ ወለድ የነገረን ፔኒሲሊንን እ.ኤ.አ. በ1928 ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ነው። ልብ ወለድ ስል እየቀለድኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1945 ለኖቤል ሽልማቱ ባደረገው ንግግር መጨረሻ ላይ አንድ ስም የለሽ ገጸ ባሕርይ ፈጥሯል። ሰውየው ጉሮሮውን ያመዋል፤ ፔኒሲሊን ራሱ ገዝቶ ይወስዳል። የወሰደው መጠን ጀርሞቹን አይገድላቸውም፤ መቋቋምን ግን ያስተምራቸዋል። ከዚያ ሚስቱን ያስይዛታል። እሷ በሳንባ ምች ትታመማለች፣ ፔኒሲሊን ይሰጣታል፣ አይሠራላትም፣ ትሞታለች። ፍሌሚንግ ለሞቷ ተጠያቂው ማን እንደሆነ ጠይቆ ወደ ባልየው ይጠቁማል። ለስንት ዓመት የአጭር ልብ ወለድ አወቃቀር ሳስተምር እንዲህ ያለች፣ ምንም ያልተረፋት ታሪክ ጥቂት ነው ያየሁት። የሟቿ መድኃኒት የከሸፈው በሌላ ሰው አፍ ውስጥ ነው።

በነገራችን ላይ «መድኃኒትህን ጨርስ» የሚለው የድሮ ምክርም ዛሬ ትንሽ ተሻሽሏል። የቀኑ ብዛት እንደ በሽታው ነው፤ ለአንዳንዱ ከድሮው ያጠረ ጊዜ እንደሚበቃ ጥናቶች አሳይተዋል። ቁም ነገሩ በሽታውን የሚያውቅ ሰው ለክቶ ይዘዘው፣ እንደታዘዘው ይወሰድ ነው። አራት ለእኔ፣ አራት ለልጅቱ ማለት ግን በየትኛውም ዘመን ልክ አልነበረም። የልጅቱ ጉሮሮ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በቫይረስ የመጣ ነው፤ ቫይረስ ከእንክብሏ ጋር ጠብም የለው፣ ፍቅርም የለው።

መድኃኒት ሲከሽፍ እኛ የሰሜን ሰዎች አዲስ አይሆንብንም። በ1940ዎቹ አጋማሽ በደምቢያ፣ ቆላ ድባ አካባቢ የተነሣው ወባ ሰባት ሺህ ያህል ሰው እንደጨረሰ ይነገራል። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ያ እልቂት ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። ያን ጊዜ መመኪያችን ክሎሮኪን ነበር። ወባው ክሎሮኪንን ሲቋቋም እ.ኤ.አ. በ1998 ፋንሲዳር ተተካ፤ ፋንሲዳርም ብዙ ሳይቆይ እ.ኤ.አ. በ2004 ለኳርተም ቦታውን ለቀቀ። የወባ ተህዋሲ ባክቴሪያ አይደለም፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሁለት መድኃኒት ቀብረናል።

ከያ ኮሌጅ ያደገው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዛሬ የራሱን ሆስፒታል ጀርሞች ይመረምራል። ከቁስል፣ ከሽንት፣ ከአራስ ሕፃናት ደም በተወሰዱ ናሙናዎች ላይ የታተሙት ጥናቶች ብዙ ናቸው፤ ዜማቸው ግን ተቀራራቢ ነው። እንደ አምፒሲሊንና ቴትራሳይክሊን ያሉት የትናንት ጀግኖች በብዙዎቹ ጀርሞች ላይ አይሠሩም። ሦስትና ከዚያ በላይ የመድኃኒት ቤተሰቦችን በአንዴ የሚቋቋሙትም ብርቅ አይደሉም። በዓለም ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒት በተቋቋሙ ባክቴሪያዎች ምክንያት በቀጥታ የሞተው ሰው 1.27 ሚሊዮን ተገምቷል፤ ይህ በዚያው ዓመት በወባ ወይም በኤች አይ ቪ ከሞተው ይበልጣል። ከ2025 እስከ 2050 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከ39 ሚሊዮን በላይ ሰው እንደሚሞት ተተንብዮአል።

ሐኪሙ ምን ያድርግ? ትክክለኛው መንገድ ደም ወይም መግል ወስዶ ላቦራቶሪ መላክ ነው። እዚያ ጀርሙ በምግብ ላይ እንዲበቅል ይደረጋል። ከዚያ መድኃኒት የተነከሩ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች ይቀመጡበታል። መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ በወረቀቱ ዙሪያ ባዶ ክብ ይታያል፤ ካልሠራ ጀርሙ እስከ ወረቀቱ ጫፍ ድረስ ይበቅላል። የክቡ ስፋት በሚሊሜትር ይለካል። እንደ ጥርስ ሙሊቱ ሁሉ እዚህም ፍርዱ የሚሰጠው በሚሊሜትር ነው። ሥራው ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል፤ ሰው፣ መብራትና ያላለቀ ዕቃ ይፈልጋል። እነዚህ ሲጓደሉ ሐኪሙ በግምት ያዝዛል። ግምቱ ካልሠራ ጠንከር ያለውን፣ እሱም ካልሠራ የመጨረሻውን። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በተፈራረቁት ጦርነቶች ቁስለኛ በበዛበት አካባቢ ደግሞ እንኳን ሦስት ቀን፣ ሦስት ሰዓት መጠበቅም ይከብዳል። የሐኪሙን ለብ ለብ ከእኔ ጥርስ ሐኪም ለብ ለብ ጋር አላስተካክልም። አንዱ ስልክ እያወራ ነው፤ ሌላው ሰው እየሞተበት ነው።

«እኛ አገር በጥንቃቄ የሚሠራ ነገር አይሆንም» ለሚል ሰው ግን አንድ መልስ አለኝ። ዋና ዋናዎቹን መድኃኒቶች ለሚቋቋመው የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 አዲስ አበባ በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል፣ በ2010 ደግሞ ጎንደር ነው። ያኔ ሕክምናው 18 ወርና ከዚያ በላይ የሚፈጅ፣ ጆሮ የሚያደነቁር መርፌ ያለበት መከራ ነበር። ሕሙማኑ ግን እንክብል ተሰጥቷቸው «ደኅና ሁኑ» አልተባሉም። መዋጣቸው ይታያል፣ የምግብ ድጋፍ ይሰጣቸዋል፣ ቤታቸው ድረስ ይኬዳል። በሁለቱ ሆስፒታሎች የታከሙ 612 ሕሙማንን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ጥናት ከመቶ 78 የሚሆኑት ድነዋል ወይም ሕክምናቸውን ጨርሰዋል ይላል። ይህ ውጤት የተገኘው በአገሩ ያልተሰማ መድኃኒት ስለመጣ አይደለም። ሥራው እስከ ታች ድረስ ስለተሠራ ነው።

ስለዚህ ጥርስ ሐኪም ጋር ስትሄዱ «በስንት ድርብ ነው የሚሠራው? መብራቱስ ተለክቷል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሐኪም መድኃኒት ሲያዝላችሁ «ይሄ የሚገድለው የትኛውን ጀርም ነው?» በሉ። ቢቆጣ ይቆጣ፤ ጥሩ ሐኪም አይቆጣም። መንግሥትን የምትመክሩ ሰዎችም ብትሆኑ ነገሩን ከታች ጀምሩት። ሕግ አለን፤ ብሔራዊ ስልትም እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ እየታደሰ ይወጣል። ጥርሱን አስሮ ለሚመጣው ገበሬ ግን በእግሩ በሚደርስበት ቦታ ጥርስ የሚሞላ ባለሙያና የሚሠራ መብራት ካላገኘ ቀይና ቢጫዋን ተው ማለት ሌሊቱን ሙሉ ታመም ማለት ነው። የጥርስ ሕክምና እንደ ቅንጦት ሲታይ ኖሯል። አንድ ጥርስ በጊዜ መሙላት አንድ መድኃኒት ማትረፍ መሆኑን ያሰበበት ግን ጥቂት ነው።

ዕዳውን የሚከፍለው ሌላ ነውና። ሆስፒታል ውስጥ ተወልዶ በሦስተኛ ቀኑ ትኩሳት የሚይዘው፣ የተሰጠው መድኃኒት ሁሉ አልሠራ የሚለው ሕፃን አንድም እንክብል ሳይሸምት፣ አንድም ማዘዣ ሳይጥስ ነው የሚሄደው። ከጥርስ የጀመረው ነገር እሱ ዘንድ ሲደርስ፣ እሱ ገና ጥርስ አላበቀለም።

ቸር ሰንብቱ።